ከጂፑ አጠገብ የቆመው ማነው?

ልጅ ሆኜ በመንደራችን በቀየት ፎቶግራፍ ያለበት ቤት በጣት ይቆጠር ነበር። ያለበትም ቤት ፎቶው የሚሰቀልበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ከማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ የምድጃው ጭስ ብዙ በማይደርስበት ወገን። በአንድ ክፈፍ ውስጥ ስድስት ሰባቱ ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተነሡት። በእኛ ቤት ክፈፍ መሐሉን የያዘው አጎቴ ነበር። የብረት ቆብ ደፍቷል፣ ወፍራም ካፖርት ለብሷል፣ አንድ እግሩን የመኪና ፓራውልት ላይ ሰቅሏል። የመኪናው ኮፈን ላይ ነጭ ኮከብ አለ። መሬቱ ነጭ ነው፤ እኛ ልጆች ውርጭ ይመስለን ነበር፤ የመንዝ ልጅ ሌላ ነጭ መሬት ከየት ያውቃል?

እንግዳ መጥቶ ይህ ማነው ብሎ ሲጠይቅ እናቴ፣ «ወንድሜ ነው፤ ኮሪያ ነው» ትላለች። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። የትኛው ዓመት፣ የትኛው የቃኘው ሻለቃ፣ ፎቶውን ማን አነሣው፣ መኪናው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አጎቴ ራሱ ወሬ አይወድም ነበር። ብርዱን እንዴት ቻላችሁት ሲሉት፣ «ብርድ ለመንዝ ሰው ምኑ ነው?» ይልና ባናውን ወደ ላይ ሳብ ያደርጋል። ሲሞት ከሬሳ ሳጥኑ ፊት የተያዘው ያው ፎቶ ነው።

እኔ በወጣትነቴ ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ ገብቼ ረዳት ሆንኩ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ አሮጌ ጂፖች በየጊዜው ይመጡ ነበር። ጌታዬ፣ እጁ የማይሳሳት መካኒክ፣ ሞተራቸውን ሳይከፍት ከፊታቸው ብቻ አይቶ ዕድሜያቸውን ይናገራል። ይሄ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ነው፣ ይሄ የኮሪያ ነው፣ ይሄ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው ይለኛል። አንድ ቀን ለበዓል አገሬ ገብቼ ክፈፉ ሥር ስቆም፣ ከዚያ በፊት አጎቴን ብቻ ሳይ በኖርኩበት ፎቶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናውን አየሁት። የፊቱ ፍርግርግ ታጥፎ የተወጋ ብረት ነው፤ ክፍተቶቹ ዘጠኝ ናቸው፤ መብራቶቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ጌታዬ ያስተማረኝ ዊሊስ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመንዝ እስከ ግሼ፣ ከራቤል እስከ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ፣ የአሜሪካ መኪና ያለበትን የወታደር ፎቶ ስፈልግ ኖርኩ።

የእኛ አገር ሰው የአሜሪካን የጦር መኪና ከየት አገኘው ለሚል ወጣት ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። የኮሪያ ጦርነት በሰኔ 1942 ዓ.ም. ሲነሣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮቹን እርዳታ ጠየቀ። ጣሊያን በወረረን ጊዜ የመንግሥታቱ ማኅበር ዝም ብሎ ያየን እኛ፣ ለሌላው ዝም አንልም ብለው ንጉሠ ነገሥቱ ከክቡር ዘበኛ የተመረጠ ሻለቃ አዘጋጁ። ስሙም በአባታቸው በራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው ተባለ። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው አንደኛው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ወረደ። በ1944 ዓ.ም. የሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ሻለቃ ተተካ፤ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ። ሦስቱም የተዋጉት ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነው። ተኩሱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ ከ120 በላይ ወንድሞቻችን ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ እጁን ለምርኮ የሰጠ ግን አንድም አልነበረም። ከኤም ዋን ጠመንጃው እስከ ብረት ቆቡ፣ ከምግብ ቆርቆሮው እስከ ጂፑ የያዙት ሁሉ የአሜሪካ ነበር።

የመንዝና የመርሐቤቴ ልጅ ክቡር ዘበኛ ውስጥ ብዙ ነበር። ከኮሪያ ሲመለስም ሜዳልያውንና ፎቶውን ይዞ ነው የመጣው። ከግንባር ለእረፍት ወደ ጃፓን የሚሄድ ወታደር ካሜራ መግዛትና ፊልም ማሳጠብ ይችል ነበር፤ ብዙዎቹ ያገኘኋቸው ፎቶዎች ትንንሽ ናቸው፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ። ከጀርባቸው የተጻፈ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የለም። ወታደሩ ራሱን ያውቃል፣ ጓደኛውን ያውቃል፤ ለማን ብሎ ይጽፋል? የሚያውቁት ሲያልፉ የሚናገር ሆኖ የሚቀረው ከጀርባቸው የቆመው ብረት ነው።

አንድ ፎቶ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው መሪው በየት በኩል እንዳለ ነው። የጣሊያን ከባድ ካሚዮን፣ አባቶቻችን ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ፊያት ጭምር፣ መሪው በቀኝ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት የመጡት የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ጦር መኪኖችም እንዲሁ በቀኝ ነበሩ። የአሜሪካው በግራ ነው። ይህ አንዱ ብቻ የአርበኝነትን ዘመን ፎቶ ከኮሪያ ዘመን ፎቶ ብዙ ጊዜ ይለያል፤ ቤተሰብ ግን ሁለቱን አዘውትሮ ያደባልቃል፤ ሁለቱም «የጦርነት ጊዜ» ናቸውና።

ቀጥሎ ጂፑ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ዊሊስና ፎርድ በአንድ ንድፍ ከ600,000 በላይ ጂፕ ሠርተዋል። ሁለቱ መንታ ናቸው፤ ከፊት በኩል ከፍርግርጉ ሥር ያለውን ተሻጋሪ ብረት ማየት ከተቻለ ግን የዊሊሱ ድቡልቡል ቱቦ ነው፣ የፎርዱ የታጠፈ ልሙጥ ብረት። ነዳጅ የሚቀዳበት አፍ በሾፌሩ ወንበር ሥር ስለሆነ ከውጭ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1950 ኤም 38 የተባለው ሲመጣ መብራቶቹ ተለቅ ብለው ወደ ፊት ወጡ፣ በፊታቸውም የብረት መከላከያ ተደረገላቸው፤ የነዳጁ አፍም በሾፌሩ ወገን ከውጭ ታየ። በ1952 ደግሞ ኤም 38 ኤ 1 ተከተለ፤ እርሱን ሕፃን እንኳ ይለየዋል፤ የድሮው ፓራፋንጎ ጠፍጣፋ ሲሆን የዚህኛው ፓራፋንጎም ኮፈንም ጎበጥ ብለዋል።

ካሚዮኑ ጂ ኤም ሲ ነው፤ ሁለት ተኩል ቶን፣ ስድስቱም እግሩ የሚጎትት። በሁለተኛው ዓለም ጦርነት ከ500,000 በላይ ተሠርቷል። ኮሪያ ላይም የእግረኛው ጦር ትልቁ ተሸካሚ እርሱ ነበር። ከእርሱ አነስ የሚለው ዶጅ ነው፤ መጫኛ፣ አምቡላንስ፣ የሬዲዮ መኪና ሆኖ ይመጣል። ታንክ ያለበት ፎቶ ጥቂት ነው፤ ሲገኝም ወይ ረጅም መድፍ ያለው ሸርማን ነው፣ ወይ ኤም 46፤ የኋለኛው ከጀርባው በሁለቱ ፓራፋንጎ ላይ የተጋደሙ የጭስ ማውጫዎች አሉት።

እዚህ ላይ ከልቤ የምለው ነገር አለ። የመኪና ሥሪት የሚናገረው «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ አልፎ አይናገርም። የኮሪያ ጦርነት ሲጀምር አሜሪካ በፓስፊክ ደሴቶች ጥላቸው የነበሩትን የዓለም ጦርነት መኪኖች ሰብስባ ጃፓን ውስጥ በጃፓን ሠራተኞች አስጠግና ነው ወደ ግንባር የላከችው። ስለዚህ በ1943 እ.ኤ.አ. የተሠራ ጂፕ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመንዝ ልጅ አጠገብ ይቆማል፤ የዊሊስ አካል የፎርድ ኮፈን ይጭናል። አንድ ብረት ብቻ አይቶ «ይህ የ1935 ዓ.ም. ፎቶ ነው» ብሎ የሚፈርድ ሰው ሟቹን ካልነበረበት ዘመን ያቆመዋል። በፎቶው ውስጥ ካሉት መኪኖች ሁሉ ትንሹን ዕድሜ ያለውን ፈልጎ ከእርሱ መጀመር ነው ደንቡ።

ቁጥሮቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። በጂፑ ኮፈን ጎን በነጭ ቀለም የሚጻፈው ረጅም ቁጥር የመኪናው የክርስትና ስሙ ነው ማለት ይቻላል፤ ተጠግኖ ቢቀባም አብሮት ይኖራል። በዚያ ዘመን አጻጻፍ በ20 የሚጀምር ጂፕ ነው፣ በ4 የሚጀምር ሁለት ተኩል ቶን፣ በ30 የሚጀምር ታንክ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ፓራውልቱ ላይ ያለው ነው። ከፊት ለሚያየው ሰው በግራ በኩል የክፍለ ጦሩና የሬጅመንቱ ቁጥር ይጻፋል፣ በቀኝ በኩል የሻምበሉ ምልክትና መኪናው በክፍሉ ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር። 7፣ ከዚያም 32፣ ከዚያም እግረኛ የሚለው የላቲን ፊደል ሲታይ ያ መኪና የ32ኛው ሬጅመንት ነው፤ የቃኘው ጎረቤት ወይም የቃኘው የራሱ። እነዚህን ሦስት ምልክቶች በማጉያ መነጽር ሳገኝ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ አልደበዘዘም።

የአጎቴ ፎቶ እንዲህ ነው የተፈታው። የሰቀለው እግር የፓራውልቱን አብዛኛውን ክፍል ሸፍኖታል፤ ከቦት ጫማው ወዲያ 32 ቁጥርና የእግረኛው ፊደል ብቻ ቀርተዋል። እግሩን የሰቀለበት ዊሊስ ስለ ዓመቱ ምንም አይረዳም። ከጀርባው ግን፣ ከድንኳኑ ጥግ፣ የሌላ ጂፕ አፍንጫ ይታያል፤ ፓራፋንጎው ጎባጣ ነው። እንግዲህ ፎቶው ከ1952 እ.ኤ.አ. በፊት አይደለም። በረዶ አለ፤ ስለዚህ ወይ የ1945 ዓ.ም. ክረምታቸው ነው፣ ወይ ተኩሱ ከቆመ በኋላ ያለው የ1946ቱ። ብረቱ ከዚህ በላይ አይሄድም። ቀሪውን የሞላችው እናቴ ናት። «የታላቋ ልጁን ክርስትና ያነሣነው በ46 በጥቅምት፣ ራሱ ባለበት ነው፤ ጠላውን የጠመቅሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። በጥቅምት 1946 ዓ.ም. ቀየት የነበረ ሰው በዚያው ክረምት ኮሪያ በረዶ ላይ አይቆምም። አጎቴ የሁለተኛው ቃኘው ሰው ነበር። ሻለቃቸው በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ትሪያንግል ሂል በተባለው ከባድ ውጊያ ከተካፈሉት መሐል ነው። ዕድሜ ልኩን ስለ ብርዱ ብቻ ይመልስ የነበረው ሰው ከምን ወጥቶ ከዚያ ጂፕ አጠገብ እንደ ቆመ ያን ቀን ገባኝ። እናቴ ፎቶውን ከእጄ ተቀብላ ብዙ አየችው፤ ምንም አልተናገረችም።

መርሐቤቴ፣ ከጀማ በረሃ ማዶ፣ በሕይወት ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት የቃኘው ሾፌር ነበሩ። ያሳየኋቸው የጂ ኤም ሲ ፎቶ የእሳቸው አልነበረም፤ ግን ወዲያው አወቁት። «አንተ ልጅ፣ ይሄ መኪና ተራራ ይወጣል እንዳትል» አሉኝ። «እግሩ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥይቱንም ውኃውንም የሚያወጣው ኮሪያዊው ነው፣ በጀርባው፣ በእንጨት ማዘያ።» እኔም፣ «አንቱ የት ትጠብቁ ነበር?» አልኳቸው። «ከሥር። ቁስለኛ ሲወርድ እጭናለሁ። መብራት አይበራም፣ በጨለማ ነው የምነዳው።» ከዚያ ዝም አሉ፤ ቆይተውም የክረምቱን ሰንሰለት፣ ጎማ ላይ የሚታሰረውን፣ በባዶ እጅ ማሰር ጣት እንደሚያስቆርጥ ነገሩኝ።

ከእሳቸው በኋላ ፎቶዎቹን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ጂፕና ካሚዮን ያለበት ፎቶ ሁሉ ከግንባሩ ኋላ የተነሣ ነው፤ ወታደሩ ከምሽግ ወርዶ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ለቤተሰቡ የሚልከው መልክ ይዞ። ፖርክ ቾፕ ሂል በተባለው የኮሪያ ኮረብታ ላይ፣ አሜሪካዊው ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በመጽሐፉ በአድናቆት የጻፈላቸው የኢትዮጵያ ቃፊሮች በሚንቀሳቀሱበት ሌሊት፣ ፎቶ አንሺም መኪናም አልነበረም። ከፍ ያለው ጀግንነት ምስል የለውም። ለዚህ ነው የቀረውን ምስል እንዲህ የምሳሳለት።

ሁሉም «ኮሪያ» የተባለ ፎቶ ኮሪያ አይደለም። ሞላሌ አካባቢ አንዲት እናት የባላቸውን ፎቶ አወጡልኝ፤ ኮሪያ ነው ብለው ልጆቻቸውን ያሳደጉበት። ከጂፑ ጎን ኦ፣ ኤን፣ ዩ የሚሉ የላቲን ፊደላት በትልቁ ተጽፈዋል። የተባበሩት መንግሥታት ስም በፈረንሳይኛ ነው፤ ኮንጎ ላይ መኪኖቹ ላይ የሚጻፈው እርሱ ነበር። ባላቸው ከ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ወደ ኮንጎ ከዘመተው ከጠቅል ብርጌድ ወገን ነበሩ ማለት ነው። እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ «እህ! ለዚህ ነዋ ሙቀቱን ሲያወራ የነበረው» አሉና ሳቁ።

ከግንቦት 1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ የመከላከያ ስምምነት በኋላ ደግሞ ያው ጂፕ፣ ያው ካሚዮን አገራችን ድረስ መጣ። ስለዚህ የሐረርጌ በረሃ ከኮሪያ ተራራ ጋር በአንድ ሳጥን ይገኛል። ኤም 151 የሚባለው፣ የፊት ክፍተቶቹ የተጋደሙ ዝቅ ያለ ጂፕ ከታየ ግን ነገሩ ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ኦራል ከታየም ዘመኑ ተለውጧል፤ ደርግ ከአሜሪካ ተለያይቶ ፊቱን ወደ ሶቪየት ካዞረበት ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ያለ ነው።

የጠፋው ከተረፈው ይበልጣል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ብዙ የክቡር ዘበኛ ቤተሰብ ፎቶውን ደበቀ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተዋግቻለሁ የሚል ምስል ግድግዳ ላይ መስቀል አስፈሪ ሆነ። ጎተራ ሥር የተቀበረውን ምስጥ በላው፤ ጣራ ሥር የተሸጎጠውን ጭስ አጠቆረው። እነዚህን ጥፋቶች ዘመኑ ነው ብዬ እቀበላቸዋለሁ። የማልቀበለው ዛሬም የቀጠለውን ነው። አንድ አባት ያርፋሉ፤ ልጆቻቸው ለአርባቸው ፎቶ ለማሳደግ ያችኑ ብቸኛ ፎቶ ይዘው ፎቶ ቤት ይሄዳሉ። ባለሙያው ፊታቸውን ቆርጦ ያወጣል፤ ጂፑን፣ ቁጥሩን፣ ከጎን የቆመውን ጓደኛ አጥፍቶ ከኋላቸው ሰማያዊ መጋረጃ ይቀባላቸዋል። ዋናው ሲመለስ ለሁለት ተቀዷል፣ ወይም ከነጭራሹ አልተመለሰም። እንዲህ የሆኑ ከደርዘን የማያንሱ ፎቶዎች አይቻለሁ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የሞተው ሰው ሁለተኛ ጊዜ ተቀንሷል ብዬ አምናለሁ።

በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የጦሩ ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸው የቃኘው ምስሎች አሉ፤ ቀናቸውና ቦታቸው ተጽፎ፣ ለማንም ክፍት ሆነው። እዚያ መኪናው፣ ክፍሉና ተራራው ይታወቃል፤ ስሙ የማይታወቀው ብዙ ጊዜ የእኛው ሰው ነው። እዚህ በየቤታችን ደግሞ ስሙ ይታወቃል፣ ቀኑና ቦታው ጠፍቷል። ሁለቱን የሚያገናኘው በሁለቱም ላይ ያለው የፓራውልት ቁጥር ነው። አዲስ አበባ አፍንጮ በር ባለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያም፣ ቹንቾን ከተማ ኮሪያውያን ባቆሙልን መታሰቢያም የእነዚህ ሰዎች ስምና ምስል ቦታ አለው።

የቃኘው ልጅ፣ የልጅ ልጅ የሆንክ፣ የሆንሽ ሁሉ፦ ፎቶውን ከክፈፉ ስታወጡ ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ አትላጡት፤ ከነመስታወቱ በስልክ አንሡት። ከፊቱም ከጀርባውም አንሡት። የምታውቁትን ስም በለስላሳ እርሳስ ጀርባው ላይ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይዘልቃል። ክርስትና፣ ሠርግ፣ ሐዘን፣ ዘማቹ መቼ እቤት እንደነበሩ የሚያስታውሱ እናቶች በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቁ። ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት ስታሳድጉትም ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ቅጂውን ስጡ፤ ጂፑም ሳይቆረጥ እንዲወጣ ንገሩ።